ሲካሪዮ እና ሶልዳዶ፦ ሁለተኛው ላይ የጎደለው ምንድነው?

ማታ_ማታ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ፊልሞቹን ያላየ ሰው ካለ እዚጋ ይመለስ፣ ምክንያቱም መጨረሻቸውን ጭምር ነው የማወራው።

ሰሞኑን ሲካሪዮን (የ2015ቱን) እና ተከታዩን ዴይ ኦፍ ዘ ሶልዳዶን (2018) አከታትዬ አየኋቸውና አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። የሁለቱንም ስክሪፕት የፃፈው ቴይለር ሸሪዳን ነው፣ ቤኒሲዮ ዴል ቶሮም ጆሽ ብሮሊንም እንዳሉ ናቸው፣ ቦታውም ያው የአሜሪካና የሜክሲኮ ድንበር ነው። ሁለተኛው ላይ እንደውም ሁሉም ነገር ጨምሯል፣ ሄሊኮፕተሩ፣ ፍንዳታው፣ ተኩሱ፣ ዋሽንግተን ያሉት ባለስልጣናት ምናምን። ግን የመጀመሪያው ሲያልቅ ለረጅም ሰዓት ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ፣ ሁለተኛው ሲያልቅ ግን "አሪፍ አክሽን ነው" ብዬ ዘጋሁት፣ በቃ።

የኔ ግምት ኬት (ኤሚሊ ብለንት) ስለሌለች ነው የሚል ነው። ጓደኞቼ ደሞ "ኬት ምን ታደርጋለች፣ ፊልሙን ሙሉ ግራ ገብቷት ነው የምትዞረው፣ እንኳን ቀረች" ይሉኛል። እንደሱ ነው እንዴ? ወይስ ዴኒስ ቪልነቭ ወጥቶ ጣሊያናዊው ስቴፋኖ ሶሊማ ስለገባ ነው? ወይስ ፓርት ቱ ስለሆነ ብቻ ዝቅ አርገን እያየነው ነው? በምክንያት የሚያስረዳኝ ሰው ነው የምፈልገው፣ "የመጀመሪያው ይበልጣል" ብቻ ብላችሁ እንዳታልፉኝ።

ሦስተኛ_ረድፍ፦

ጓደኞችህ ኬት ምንም አታደርግም ያሉት ልክ ነው፣ ግን ፊልሙ የቆመው እሱ ላይ እኮ ነው ወንድሜ።

ልብ ብለህ ካየኸው ማት (ብሮሊን የሚጫወተው የሲአይኤ ሰው) ኬትን የወሰዳት ጎበዝ ስለሆነች አይደለም። ሲአይኤ አሜሪካ ውስጥ ብቻውን እንደዛ አይነት ኦፕሬሽን መስራት አይችልም፣ አብሮት የሚሰለፍ የአገር ውስጥ መስሪያ ቤት ያስፈልገዋል፣ ኬት ደሞ ኤፍቢአይ ናት። እሷ መኪናው ውስጥ ቁጭ ማለቷ ብቻ ስራውን ወረቀት ላይ ህጋዊ ያደርግላቸዋል። ይሄን እሷም የምታውቀው ዘግይታ ነው፣ እኛም እንደዛው። የት እየሄድን እንደሆነ አናውቅም፣ አሌሃንድሮ (ዴል ቶሮ) ለማን እንደሚሰራ አናውቅም፣ የምንጠይቀውን ጥያቄ ሁሉ እሷ ትጠይቅልናለች፣ መልሱን ግን ማንም አይሰጣትም። ያ ሁሉ ጭንቀት የሚመጣው ከዚህ ነው።

የድልድዩን ሲን አስታውስ። ኮንቮዩ እስረኛውን ከሜክሲኮዋ ከተማ ከሁዋሬዝ ይዞ ሲመለስ ድንበሩ ላይ መንገዱ ይዘጋጋና መሃል መኪና ውስጥ ቆመው ይቀራሉ። ተኩሱ ራሱ ሲመጣ ወዲያው ነው የሚያልቀው። የሚያስጨንቀው ከሱ በፊት ያለው ነው፣ ከኬት ጋር ሆነን በመስኮት አንዷን መኪና እናያለን፣ ውስጡ ንቅሳት ያላቸው ሰዎች አሉ፣ ከዛ ሌላ መኪና፣ በመሃል ደሞ ምንም የማያውቁ ተራ ሰዎች በየመኪናቸው ተቀምጠዋል። ወታደሮቹ ቀዝቀዝ ብለው ይወርዳሉ፣ ይተኩሳሉ፣ ይመለሳሉ። ኬትን ሊገድል የመጣውን ፖሊስ እንኳን የምታየው በጎን መስታወት ነው። ከዛ ሬሳው መንገድ ላይ ቀርቶ ጉዞ ይቀጥላል፣ እዛ መኪና ውስጥ ነገሩ ልክ አይደለም ብሎ የሚንቀጠቀጥ ሰው ደሞ እሷ ብቻ ናት።

አሁን ይቺኑ ሲን ያለ ኬት አስባት። ጎበዝ ወታደሮች መጥፎ ሰዎችን ገደሉ ነው የምትሆነው። ሶልዳዶ ላይ የሆነው በትክክል ይሄ ነው። ማትና አሌሃንድሮ ያው ናቸው፣ እንደውም የባሰ ነገር ነው የሚያደርጉት፣ የአንድ ካርቴል (የዕፅ አዘዋዋሪ ቡድን) አለቃ ልጅ ጠልፈው ሌላ ካርቴል የጠለፋት አስመስለው ጦርነት ለማስነሳት ነው የሚሞክሩት። ግን አጠገባቸው ቆሞ የሚያፍር ሰው ስለሌለ እኛም ሳናውቀው ከነሱ ጋር ወግነን ኦፕሬሽኑ እንዲሳካላቸው እንመኛለን። ለኔ የሁለተኛው ትልቁ ችግር ይሄ ነው፣ ሌላው ሁሉ ከዚህ ይመጣል።

ባለ_ፖፕኮርን፦

የሁለተኛው ትዝ የሚለኝ ሲን አሌሃንድሮ መንገድ ላይ የካርቴል ጠበቃውን ሲገድለው ያለው ነው፣ ሽጉጡን ይዞ ጣቱን በፍጥነት እያመላለሰ ሲተኩስ። ሲያዩት አሪፍ ነው። ሦስተኛ ረድፍ ያልከውን ካነበብኩ በኋላ ግን ነገሩ ገባኝ፣ የመጀመሪያው ላይ አሌሃንድሮ ሲገድል አንድም ቀን "አሪፍ" ብዬ አላውቅም፣ ደንግጬ ነው የማየው።

ጥቁር_መጋረጃ፦

ኬት ላይ የተባለው ትክክል ነው፣ እኔ ካሜራውንና ድምፁን ልጨምር ምክንያቱም ሰው ስለ ስክሪፕት ብቻ ሲያወራ እነዚህ ይረሳሉ። የመጀመሪያው ፊልም ለኦስካር የታጨው በሶስት ነገር ነው፣ በሲኒማቶግራፊ፣ በሙዚቃና በሳውንድ ኤዲቲንግ። በአክቲንግም በስክሪፕትም አልታጨም። ያ ማለት ማታ ማታ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ ያልከው ነገር አብዛኛው የተሰራው በነዚህ ነው።

የቀረፀው ሮጀር ዲኪንስ ነው። በድንበሩ ስር ወዳለው የዕፅ ማዘዋወሪያ ዋሻ ከመግባታቸው በፊት ያለውን ምስል መለስ ብለህ እየው፣ ፀሐይ ጠልቃ ሰማዩ ላይ ትንሽ ብርሃን ቀርቷል፣ ወታደሮቹ ፊታቸው የማይታይ ጥቁር ጥላ ሆነው አንድ ባንድ ቁልቁል ይወርዳሉ፣ እግራቸው ይጠፋል፣ ከዛ ወገባቸው፣ ከዛ ጭንቅላታቸው፣ መሬቱ እየዋጣቸው ነው የሚመስለው። ማንም ስለምንም አያስረዳም። ውስጥ ሲገቡ ደሞ ምስሉ የወታደሮቹ የሌሊት መነፅር ይሆንና ሰው ሰው መምሰሉን ያቆማል። ፊልሙ ስለምን እንደሆነ እዛች ቦታ ላይ ያለ አንድ ቃል ነግሮሃል።

ሙዚቃው የዮሃን ዮሃንሰን ነው። የኮንቮዩ ሙዚቃ ዜማ የለውም ማለት ይቻላል፣ ከታች ከታች እየወረደ የሚመጣ ከባድ ድምፅ ነው፣ ምንም ሳይፈጠር ገና ልብህን ይይዝሃል። ሰውዬው በ2018 የካቲት ላይ አረፈ፣ ሁለተኛው ፊልም ሊወጣ ወራት ሲቀሩት ማለት ነው። የሁለተኛውን ሙዚቃ የሰራችው ሂልዱር ጉድናዶቲር ናት፣ የመጀመሪያው ላይ ቼሎ የተጫወተችው እሷ ነበረች፣ በኋላ በጆከር ፊልም ሙዚቃ ኦስካር የወሰደችውም እሷው ናት፣ ስለዚ እዛ ጋ የብቃት ችግር የለም። ሲኒማቶግራፈሩ ዳሪውሽ ቮልስኪም ዘ ማርሺያንን የቀረፀ ሰው ነው። ሶሊማም ቢሆን ጎሞራ የሚለውን የጣሊያን ተከታታይ ከሰሩት አንዱ ነው፣ ወንጀል ያውቃል።

ልዩነቱ ችሎታ ሳይሆን አላማ ላይ ነው ብዬ ነው የማምነው። ሶሊማ ጥርት አርጎ ያሳይሃል፣ ማን የት እንደቆመ፣ ጥይቱ ከየት እንደመጣ ሁሉ ይታወቃል። ለአክሽን ይሄ ጥሩ ነው። ቪልነቭ ደሞ እንዳታይ ያደርግሃል፣ ያላየኸው ነገር ነው የሚያስፈራህ።

ሳሮን_በፊልም፦

እኔ ሁላችሁንም ልቃወም ነው፣ ምክንያቱም ሶልዳዶን የኬት ቦታ ባዶ የሆነበት ፊልም አርጋችሁ ብቻ ነው ያያችሁት። ኬትን ቢመልሷት ምን ትሰራለች? የመጀመሪያው መጨረሻ ላይ አሌሃንድሮ ሽጉጥ አገጯ ስር ደግኖ ሁሉም ነገር በህግ ነው የተሰራው የሚል ወረቀት አስፈርሟታል፣ ከዛ ከሰገነቱ ላይ አነጣጥራበት መተኮስ አልቻለችም። የሷ ታሪክ እዛ አለቀ። መልሰው ቢያመጧት ኖሮ ያንኑ ግራ መጋባት ትደግመው ነበር፣ ያኔ ደሞ "ኮፒ ነው" ትሉ ነበር።

ሁለተኛው የራሱ አይን አለው፣ የምትጠለፈዋ ልጅ ኢሳቤል። ልጅቷን መጀመሪያ የምናያት ትምህርት ቤት ስትደባደብ ነው፣ ርዕሰ መምህሩ አባቷን ስለሚፈራ ሊያባርራት እንኳን አይደፍርም፣ እሷም ይሄን ታውቃለች። ከዛ የሚጠልፏት ጊዜ ካሜራው ከሷ ጋር መኪናው ውስጥ ነው የሚቀረው፣ ውጪ የሚሆነውን በመስታወት በኩል ነው የምናየው። ይሄ የድልድዩ ሲን ስራ አይደለም እንዴ? ከዛ ቀስ በቀስ ያቺ ማንንም የማትፈራ ልጅ ድምጿ እየጠፋ ሄዶ መጨረሻ ላይ ሄሊኮፕተር ውስጥ አይኗ ብቻ ነው የቀረው። ኢዛቤላ ሞነር ይቺን ስትጫወት ገና ልጅ ነበረች፣ የሷን አክቲንግ ሳታነሱ ሶልዳዶ ባዶ ነው ማለት ፍትህ አይደለም።

ሌላው ደሞ መስማት የተሳነው ገበሬ ቤት ያለው ሲን ነው። አሌሃንድሮና ኢሳቤል በረሃ ውስጥ ሲንከራተቱ አንድ ጎጆ ይደርሳሉ፣ ሰውዬው መስማት አይችልም፣ አሌሃንድሮ በምልክት ቋንቋ ያናግረዋል። ኢሳቤል ከየት ተማርከው ስትል ሴት ልጁ መስማት የተሳናት እንደነበረች እናውቃለን። የመጀመሪያው ፊልም ላይ የተገደለች ልጅ እንደነበረችው ብቻ ነበር የምናውቀው። እዚ ግን በእጁ እንቅስቃሴ ውስጥ ልጁ ራሷ ትታያለች፣ እቤት ምሽት ምሽት እንደዛ ያወሩ እንደነበር ትገምታለህ። የመጀመሪያው ላይ የካርቴል አለቃውን አላርኮንን እራት ላይ ከነ ልጆቹና ሚስቱ የገደለው ሰው፣ በቤተሰቡ ሞት እጁ ያለበትን ሰው ልጅ አልገድልም ሲል ያ ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስተኛ_ረድፍ፦

ሳሮን የገበሬውን ሲን በማንሳትሽ ደስ ብሎኛል፣ የሶልዳዶ ምርጡ እሱ ነው፣ በዚህ አልከራከርሽም። ኢሳቤል ላይ ግን አንድ ነገር ልበል። አይኗ አለ፣ ግን ስልጣን የላትም፣ ምንም መከልከል አትችልም፣ ተጠቂ ናት። ኬት ህግ ነበረች። ህግ ራሷ እንዴት መጠቀሚያ እንደምትሆን ነው የመጀመሪያው የሚያሳየን። ልጅ ስትጠለፍ ማየት ያሳዝናል፣ ህግ አስከባሪ በሽጉጥ ውሸት ስትፈርም ማየት ግን ሌላ ነው፣ ያ ሁላችንንም ይመለከታል።

ደሞ ሸሪዳን ሁለተኛው ላይ በጣም ትልቅ ሃሳብ ይዞ ነበር እና ጣለው፣ ይሄ ነው የሚቆጨኝ። ታሪኩ የሚነሳው ካንሳስ ሲቲ አንድ የገበያ አዳራሽ ውስጥ በደረሰ የአጥፍቶ ጠፊ ጥቃት ነው። መንግስት አጥቂዎቹን በድንበር ያስገባቸው ካርቴል ነው ብሎ ያምናል፣ ካርቴሎቹ በአሸባሪነት ይፈረጃሉ፣ ለማት ሙሉ ፈቃድ ይሰጠዋል፣ ያ ሁሉ ሰው ይሞታል። በኋላ ከአጥቂዎቹ ውስጥ የአሜሪካ ዜጎች እንዳሉበት፣ ከኒው ጀርሲ እንደሆኑ ይታወቃል። አስበው እንግዲህ፣ የጦርነቱ ምክንያት በሙሉ ፈረሰ! ፊልሙ ግን ይሄን በስብሰባ ላይ በአንዲት አረፍተ ነገር ነግሮን ያልፋል፣ ከዛ ጥያቄው ልጅቷ ትድን ይሆን ወይ ብቻ ይሆናል። ኬትን የመሰለ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ይሄን ዜና ስትሰማ ፊቷን እናይ ነበር፣ ፊልሙም እዛ ላይ ይቆም ነበር።

መጨረሻዎቹንም አስተያዩአቸው። የመጀመሪያው ላይ ሲልቪዮ የሚባል ተራ ፖሊስ አለ፣ ፊልሙ በየመሃሉ ቤቱ ይወስደናል፣ ቁርስ ሲበላ፣ ልጁ ኳስ እንጫወት ሲለው። ማን እንደሆነ ለምን እንደምናየው አናውቅም። አሌሃንድሮ ከተጠቀመበት በኋላ ይገድለዋል። የመጨረሻዋ ሲን ልጁ ሜዳ ላይ ኳስ ሲጫወት ነው፣ ከሩቅ ተኩስ ይሰማል፣ ሁሉም ቆም ብለው ወደዛ ያያሉ፣ ከዛ ጨዋታው ይቀጥላል። ሶልዳዶ ላይ የሲልቪዮን ቦታ የያዘው ሚጌል ነው፣ ከቴክሳስ ድንበር አካባቢ የመጣው፣ ሰው አሻጋሪዎች የሚመለምሉት ልጅ። አሌሃንድሮን ፊቱ ላይ ይተኩስበታል፣ አሌሃንድሮ ግን ጥይቱ ጉንጩን በስቶ ወጥቶ ይተርፋል፣ ከአንድ አመት በኋላ ተመልሶ ልጁን ስለ ወደፊቱ ሊያናግረው ቁጭ ያደርገዋል። ይሄ መጨረሻ አይደለም፣ የሚቀጥለው ፊልም መግቢያ ነው። አንዱ የሞተ አባት ይዞ አለቀ፣ ሌላው የማይሞት ጀግና።

አሮጌ_ሪል፦

ዘግይቼ ነው የመጣሁት፣ ግን ጥያቄው ውስጥ "ፓርት ቱ ስለሆነ ብቻ ነው ወይ" የሚል ስላለ እሱን ልመልስ። አይደለም። ጎድፋዘር ፓርት ቱ (1974) እንደ መጀመሪያው ሁሉ የምርጥ ፊልም ኦስካር ወስዷል፣ እሱን ሁሉም ስለሚያውቀው አልደግመውም።

ለዚህ ውይይት የሚጠቅመው ሌላ ፊልም ነው፣ ፍሬንች ኮኔክሽን። የመጀመሪያው በ1971 ወጣ፣ ዊሊያም ፍሪድኪን ሰራው፣ ጂን ሃክማን ፖፓይ ዶይል የሚባለውን ኃይለኛ የኒውዮርክ ፖሊስ ሆኖ ኦስካር በላበት። ሁለተኛው በ1975 ሲመጣ ዳይሬክተሩ ተቀይሮ ጆን ፍራንከንሃይመር ነው የሰራው፣ ልክ እንደ ሶልዳዶ። ግን ምን አደረጉ? ዶይልን ማርሴይ ወስደው ጣሉት። ፈረንሳይኛ አይችልም፣ ማንም አይፈራውም፣ መጠጥ ማዘዝ እንኳን አቃተው። ከዛ የሚያሳድዳቸው ሰዎች ይይዙትና በግድ ሄሮይን እየወጉ ሱሰኛ ያደርጉታል። ፖሊሶቹ ሲያገኙት ደሞ ክፍል ውስጥ ተዘግቶበት ሱሱን እንዲያስወጣ ሲደረግ በደንብ ጊዜ ሰጥተው ያሳዩሃል፣ ያ ትልቅ ሰውዬ ሲያለቅስ፣ ሲለምን፣ ሲሳደብ። ማሳደዱም ተኩሱም ከመጀመሪያው አይበልጥም፣ ሃክማን ግን አንዳንድ ቦታ ላይ ከመጀመሪያውም የበለጠ ነው ባይ ነኝ። ያው ካራክተር ነው፣ ጉልበቱን ስለወሰዱበት ግን አዲስ ሰው ሆኖ አገኘነው።

ሶልዳዶ ተቃራኒውን ነው ያደረገው፣ አሌሃንድሮ ላይ ጉልበት ጨመረበት። ሃኒባል (2001) ላይም የሆነው ይሄ ነው። ዘ ሳይለንስ ኦፍ ዘ ላምብስ ላይ ሰው በላው ገዳይ ሃኒባል ሌክተር የሚታየው ለትንሽ ደቂቃ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከመስታወት ጀርባ ነው፣ ሁለተኛው ላይ ተፈቶ ፊልሙን ሙሉ ሲንሸራሸር ፍርሃቱ ጠፋ። የመጀመሪያው ሲካሪዮ ሲሰራ ዴል ቶሮና ቪልነቭ ለአሌሃንድሮ ከተፃፈው ንግግር አብዛኛውን አውጥተው ጥለውታል። ስለ ቤተሰቡ ራሱ አውርቶ ቢሆን ኖሮ እናዝንለት ነበር። ዝም ስላለ ፈራነው። ሳሮን ያነሳሽው የገበሬው ሲን የሰራውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል፣ እዛም በድምፅ አይደለም የተናገረው።

ሳሮን_በፊልም፦

አሮጌ ሪል የመጨረሻዋ ነጥብህን ተቀብያለሁ። ሚጌል ላይ ግን አሁንም አልስማማም። ልጁ መጀመሪያ ስራውን የሚጀምረው ለትንሽ ብር ነው፣ የአጎቱ ልጅ ነው ያስገባው፣ ማንንም አልገደለም። አሌሃንድሮን ተኩስ ሲሉት እምቢ ማለት ይፈልጋል፣ ይገፉታል፣ ይተኩሳል፣ ከዛ ከሚሄደው መኪና ላይ ዘሎ ይወርዳል። አንድ ተራ ልጅ ደረጃ በደረጃ እንዴት ገዳይ እንደሚሆን ከመጀመሪያው ፊልም በላይ ያሳየው ይሄኛው ነው። መጨረሻውን ለሚቀጥለው ፊልም ብለው ስላበላሹት መሃሉ ያለው ስራ አይጠፋም።

ማታ_ማታ፦

በጣም ነው የማመሰግነው፣ ይሄን ያህል ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። የኒው ጀርሲውን ነገር እኔ ራሴ ሳየው አልፌዋለሁ፣ አሁን ሳስበው የፊልሙ ልብ መሆን የነበረበት እሱ ነው። ሳሮን ሚጌል ላይ ያልሽው ደሞ አሳምኖኛል፣ ከመኪናው ሲወርድ ያለውን ፊቱን አስታወስኩት። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ሶሊማ የራሱ በሆነ ታሪክ ላይ እንዴት እንደሚሰራ ማየት ብፈልግ ከየት ልጀምር? ጎሞራ ረጅም ተከታታይ ስለሆነ መጀመሪያ አንድ ፊልም ይሻለኛል።

ጥቁር_መጋረጃ፦

ሱቡራን እይ፣ 2015 ነው የወጣው፣ ከሲካሪዮ ጋር በአንድ አመት ማለት ነው። ሮም ላይ ነው፣ ፖለቲከኛው፣ የቤተክህነቱ ሰዎች፣ ወንበዴዎቹ ሁሉ በአንድ የመሬት ጉዳይ ተያይዘው ሲወድቁ ታያለህ፣ ዝናቡም ፊልሙን ሙሉ አያቆምም። እዛ ላይ ማንም ጀግና የለም፣ ጥርት አርጎ ማሳየቱም ይጠቅመዋል ምክንያቱም ሁሉም ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ ያውቃል። በትርጉም ሳይሆን በጣሊያንኛው ከነ ሰብታይትሉ ፈልገው።